የ8ኛ ክፍል የምርጫ ፈተና፦ ድካምሽ ስህተት አማራጮቹ ላይ ይሁን

ሰላም መምህርት፣ እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ለ8ኛ ክፍል ኅብረተሰብ 30 የምርጫ ጥያቄ አወጣሽ፤ ከ60 ተማሪዎችሽ አብዛኞቹ ከ25 በላይ አመጡ፤ ዲፓርትመንት ኃላፊው «ቀላል ነው፣ አክብጂው» አለሽ፤ በአንድ ጥያቄ ላይ ደግሞ ጎበዞቹ ልጆች ቅሬታ አነሱ። «አክብጂው» የተባልሽውን እንዲሁ እንዳትቀበዪው። ፈተና አክብዱ ሲባል ብዙው መምህር ከመጽሐፉ ጥግ ማንም ልብ ያላለውን ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ይለቅማል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሸመደደውን ይጠቅማል፣ የገባውን ልጅ ግን ይጎዳል። የለጠፍሻቸውን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ ልንገርሽ።

1. ቁጥር 4፦ «ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ንጉሥ ማን ነው? ሀ. ንግሥት ዘውዲቱ ለ. ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሐ. ቫስኮ ዳ ጋማ መ. ሁሉም መልስ ናቸው»። ታሪኩን ጭራሽ ያልሰማ ልጅም «ለ»ን ያከብባል። «የቆረቆረው ንጉሥ» ስትዪ ዘውዲቱን ራስሽ አስወጣሻት። ቫስኮ ዳ ጋማ ንጉሥ አይደለም። ሁለቱ ከወደቁ «ሁሉም» አብሮ ይወድቃል። በአማርኛ ግሱ ጾታንም ቁጥርንም ይናገራልና «የነበረችው»፣ «የሆኑት»፣ «ናቸው» የሚሉት መልሱን እንዳያሳብቁ ጥያቄውን ከያንዳንዱ አማራጭ ጋር ጮክ ብለሽ አንብቢው። በሰዋስው ልክ የሚመጣው አንዱ ብቻ ከሆነ ጥያቄው ተበላሽቷል ማለት ነው። አማራጮቹን እንዲህ ቀይሪያቸው፦ ልብነ ድንግል፣ በእደ ማርያም፣ ዐምደ ጽዮን፣ ዘርዓ ያዕቆብ። አራቱም የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ናቸው፣ በፊደል ተራም ተቀምጠዋል። አሁን የሚመልሰው ያወቀ ልጅ ነው።

2. ቅሬታ የተነሳበት፦ «የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የት ነበር?» ብለሽ አንኮበርንም አንጎለላንም አማራጭ ውስጥ አስገብተሻል። ልጆቹ እውነት አላቸው። ንጉሡ በሁለቱም ይቀመጡ ነበር። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ አንኮበርን መረጠ፣ ከዚያ አልፎ ያወቀው ተጠራጠረ። የምርጫ ፈተና ትልቁ በደል እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ያወቀውን ልጅ ይቀጣል። ለሁለቱም መልስ ነጥብ ስጪ፣ ሮስተሩ (የውጤት መዝገቡ) ሳይዘጋ ዛሬውኑ። ለወደፊቱ እያንዳንዱን ስህተት አማራጭ «ይህ መልስ ነው ብሎ የሚሟገተኝ ሰው ምን ይለኛል?» እያልሽ ፈትኚው። ቢቻል ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር ባልደረባሽ የመልስ ቁልፉን ሳያይ ይሥራው። እሱ የሳተውን ጥያቄ ሳታስተካክዪ አታባዢ።

3. ዋናው ነገር ስህተት አማራጮቹ ከየት ይመጣሉ የሚለው ነው። አብዛኞቻችን ጥያቄውንና መልሱን ስንጽፍ እንጠነቀቃለን፣ ቀሪዎቹን ሦስት ግን ከመሸ በኋላ እንሞላቸዋለን። ስህተቶቹን ከተማሪዎቹ ደብተር ልቀሚያቸው። የክፍል ሥራና የቤት ሥራ ስታርሚ ተደጋግሞ የምታዪውን ስህተት አንድ ገጽ ላይ መዝግቢ፤ የፈተናሽ ጥሬ ዕቃ እሱ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፦

«ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው እንበል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ 14 ዲግሪ ሲሆን በዚያው ሰዓት ሸዋ ሮቢት ላይ የሚጠበቀው ስንት ነው? ሀ. 4.25 ለ. 20.5 ሐ. 23.75 መ. 32.2»

የከፍታው ልዩነት 1,500 ሜትር ነው፤ 1.5 በ6.5 ሲባዛ 9.75፣ ከ14 ጋር ሲደመር 23.75 ይሆናል። 4.25ን የመረጠ ልጅ ስሌቱን ችሎታል፣ ግን ወደ ቆላ ሲወረድ ሙቀት እንደሚጨምር አልገባውም፤ ቀንሶታል። 20.5 ያለው ልዩነቱን ሳያሰላ 6.5ን ዝም ብሎ ደመረ። 32.2 ያለው የደብረ ብርሃንን ከፍታ በሙሉ አባዛው። ወረቀቱን አርመሽ ስትጨርሺ ማን ምን እንዳልገባው በእጅሽ ነው፤ ማጠናከሪያ ስትሰጪ ለማን ምን እንደምትደግሚ ታውቂያለሽ። ተከታታይ ምዘና የሚባለውም ይህን ሲሠራ ነው፤ ነጥብ ብቻ ማጠራቀም ምዘና አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደውን የታርማበርን ቁልቁለት የወረደ ልጅ ይህን ጥያቄ በቆዳው ያውቀዋል፣ ስለዚህ ምሳሌን ከአካባቢው መውሰድ ጥሩ ነው።

ለአንዳንድ ጥያቄ ሦስተኛ ስህተት አጥተሽ ብትቸገሪ ግድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ የ80 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ በአብዛኛው ሦስት አማራጭ እንደሚበቃ አሳይቷል። አንድም ልጅ የማይመርጠው አራተኛ አማራጭ የንባብ ጊዜ ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም። ትምህርት ቤታችሁ «የግድ አራት» ካለ ግን አራት ጻፊ፣ በዚህ አትጣዪ። «ሁሉም መልስ ናቸው»ን ተዪው፤ ሁለቱ እውነት መሆናቸውን ያወቀ ልጅ ሦስተኛውን ሳያነብ ያከብበዋል።

«ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለውን በተቻለሽ መጠን አታብዢው፤ ከ30 ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። አሉታው ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የቸኮለ ልጅ «የሆነው» ብሎ ያነበዋል። ስትጠቀሚበት ከሥሩ አስምሪበት።

የጥያቄ ብዛትና ሰዓት፦ ለማስታወስ ጥያቄ 1 ደቂቃ፣ ስሌት ላለበት 2 ደቂቃ ያዢ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 30 ጥያቄ የሚያልቀው ስሌቶቹ ከ5 ካልበለጡ ነው፤ 25 ደቂቃ ለማስታወሱ፣ 10 ለስሌቱ፣ በድምሩ 35 ደቂቃ፤ ቀሪው 5 ደቂቃ ወረቀት ለማደል። ጥያቄዎቹን ለምዕራፎች ስታካፍዪ በፈጀብሽ ክፍለ ጊዜ ልክ ይሁን። ሦስት ምዕራፍ 20፣ 12 እና 8 ክፍለ ጊዜ ከፈጁ 15፣ 9 እና 6 ጥያቄ ይደርሳቸዋል። መልሶቹንም ቁጠሪያቸው፤ ከ30ው እያንዳንዱ ፊደል 7 ወይም 8 ጊዜ ይምጣ። መምህር ሳያስበው መልሱን «ለ» ወይም «ሐ» ላይ ይደብቃል፣ በዚያም ላይ ትክክለኛውን አስረዝሞ ይጽፈዋል። ልጆች ይህን ቶሎ ይነቁበታል።

አሁን ዋጋ ወደሚያስከፍለው ነገር ልምጣ። በአንድ ወንበር ሦስት ልጅ ስለሚቀመጥ ኮድ 1 እና ኮድ 2 (ተራቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት የፈተና ወረቀት) ማዘጋጀትሽ አይቀርም። የኮድ 2ን መልስ ከኮድ 1 በማዛወር አትሥሪ። ተባዝቶ የወጣውን ወረቀት እስክሪብቶ ይዘሽ እንደ ተማሪ ቁጭ ብለሽ ሥሪው፣ ቁልፉን ከዚያ አውጪ። ሲተየብ አማራጭ ይዘለላል፣ «ሐ» ሁለት ጊዜ ይገባል፣ 23.75 የነበረው 2375 ይሆናል። ወረቀት ለመቆጠብ ተብሎ ጥያቄው በአንድ ገጽ፣ «ሐ» እና «መ» በጀርባው ይወጣል። ማባዣ ክፍል ሄዶ «ይህ ይስተካከል» ያለ መምህር እንደ ነገረኛ መታየቱ በጣም ያበግነኛል። አትፈሪ፣ አስመልሺው። አንድ የተሳሳተ ቁልፍ የ60 ልጅ ውጤት ያበላሻል፣ አምነው የሚቀበሉሽንም ልጆች ያሳጣሻል።

ከታረመ በኋላ ወረቀቱን ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ደርድሪ። ከ60ው ከላይ 16፣ ከታች 16 ውሰጂ (27 በመቶ ገደማ)። ለያንዳንዱ ጥያቄ ከላይኞቹ ስንቱ እንዳገኙት፣ ከታችኞቹ ስንቱ እንዳገኙት ቁጠሪ። ከላይ 13፣ ከታች 5 ከሆነ ልዩነቱ 8 ለ16 ሲካፈል 0.5፤ ግሩም ጥያቄ ነው። ከ0.3 በላይ ያለውን አስቀምጪው፣ ከ0.2 በታች ያለውን መርምሪው። የአንኮበሩን ጥያቄ እንዲሁ ብትቆጥሪው ከላይኞቹ ይልቅ የታችኞቹ አግኝተውት ልታዪ ትችያለሽ። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን እዪ፣ ቀጥሎ ሁለት መልስ እንዳለው ፈትሺ። ከ60 ልጅ ከ3 በታች የመረጡትን አማራጭ አውጥተሽ ከደብተር ስህተት ተኪው።

ይህን ቆጠራ በአንድ ከሰዓት ትጨርሺዋለሽ፣ በተለይ ውጤት ስትመልሺ ልጆቹ እጅ እያወጡ ቢያግዙሽ። በዚህ ቆጠራ ጥሩ ሆኖ የተገኘውን ጥያቄ በካርድ ላይ ከነልዩነት ቁጥሩ ጻፊው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ግማሹ ፈተና ተዘጋጅቶ ይቆይሻል። ዲፓርትመንት ኃላፊውም ዳግመኛ «ቀላል ነው» ካለሽ የትኛው ጥያቄ፣ በስንት ልጅ ልዩነት እንደሆነ ወረቀቱን አስይዘሽ ጠይቂው። ቀሪዎቹን 28 ጥያቄዎች ከነቁልፋቸው በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ እሥራቸዋለሁ።