ስንት ደቂቃ ነው የሚቆመው?

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴን ልጅ ይዤ ዞማ ሙዚየም ሄድኩ። እኛ ያለነው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዞማ መካኒሳ ነው፤ በታክሲ ሩቅ አይደለም። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ አካውንቲንግ ነው የምታጠናው። ይህን አፍንጫችን ስር ያለ ቦታ በቲክቶክ እንጂ በእግሯ አታውቀውም ነበር። ገብተን ገና አንዱ የጭቃ ግድግዳ ፊት እንደቆምን፣ "ጋሼ፣ ስንት ደቂቃ ነው የሚቆመው?" አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነው። ሰው ለቅሶ ቤት ምን ያህል ተቀምጦ እንደሚነሳ ያውቃል፤ ሰርግ ላይ መቼ ሹልክ እንደሚባል ያውቃል። የጥበብ ሥራ ፊት እንዴት እንደሚቆም ግን ማንም አላሳያትም። ቶሎ ብታልፍ አልገባትም ሊባል ነው፣ ብትቆይ ደግሞ ማስመሰል ነው። "እንደፈለግሽ" ብዬ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ አንድ ሥዕል ፊት 11 ቀን ቆሜ አውቃለሁ። አላየሁትም።

1986 ዓ.ም. ነው። የ29 ዓመት መሐንዲስ ነኝ፣ ሁሉን አውቃለሁ የምል። ከተማው ዳር ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ እንዲታደስ ተባለና ሥራው ለኔ ተሰጠኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ተነቃቅሏል። አንደኛው ግድግዳ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥዕል ነበር፣ በደርግ ጊዜ የተሳለ። ኃላፊው "ጊዜው ተለውጧል፣ ነጭ ይሁን" አሉ። እኔም "ይሁን" አልኩ። ታግዬ ተሸነፍኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ፣ ግን ውሸት ነው፤ የምከራከርበት ነገር እንዳለ ራሱ አልታየኝም።

ግድግዳው 7.40 በ3.10 ነው። ወደ 23 ካሬ። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልረሳሁትም። ለሳኙ በዋጋ እንዴት እንደተጨቃጨቀኝ፣ ጄሶው አንድ ቀን ዘግይቶ መምጣቱን፣ መሰላሉ አንድ እግሩ አጭር ሆኖ ከስሩ ጡብ እንዳስገባንለት፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ሥዕሉን ግን አላስታውስም። ሴቶች ነበሩበት። ሦስት? አምስት? ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ የሚያዩት? እንጃ። ለካሁት፣ ተደገፍኩት፣ ሻይ ይዤ ቆምኩበት። አንድ ጊዜ ወረቀት ሳጣ የሲሚንቶ ሂሳብ እላዩ ላይ በእርሳስ ደምሬያለሁ።

አንዲት ነገር ብቻ ቀርታኛለች። ታች፣ በግራ በኩል ጥጉ ላይ፣ ልስኑ ከግድግዳው ለቅቆ እንደሆነ ለማወቅ በመዶሻ እጀታ ቆርቆር ሳደርግ ያየኋት እግር። የስፌት መኪና ፔዳል ላይ ያረፈች ባዶ እግር ናት። ጫማዋ አጠገቧ ወልቋል፤ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ተገልብጦ። የእግሯ ጣቶች አረንጓዴ ነበሩ። ፎርማኑን ጠርቼ "ሰውየው ቀለም አልቆበት ነው እንዴ?" አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። በማግስቱ ጄሶ አለበስነው።

ሥራው ያለቀ ቀን ሴቶቹ ለምሳ ገቡ። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሠራተኛ ሳህናቸውን እንደያዙ ነጩ ግድግዳ ፊት ቆሙ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "ኢንጂነር፣ እኔን የት አደረግኸኝ?" አሉኝ። ነገሩ አልገባኝም። "ነጭ ሲሆን እኮ ብርሃን ይሰጣችኋል" አልኳቸው፣ እንደ ትልቅ ስጦታ። "እሱስ በራ" አሉና ሄደው ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው።

ከስድስት ወይ ከሰባት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ እናቴ ሆስፒታል ተኛች። የክፍሉን ግድግዳ ታውቁታላችሁ፤ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ ኖራ። ትምህርት ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ ፋብሪካውም ያኔ እንደዚያው ነበር። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ግድግዳው ላይ አረፈች። የእናቴ እግር ከጋቢው ወጥቷል። ጣቶቿ አረንጓዴ ናቸው። ደነገጥኩ፣ በሽታው መስሎኝ ነርስ ልጠራ ተነሳሁ። ስነሳ ጥላዬ ግድግዳው ላይ ወደቀና አረንጓዴው ጠፋ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ተመልሶ መጣ። ብርሃኑ ግድግዳውን መትቶ፣ ቀለሙን ይዞ፣ እግሯ ላይ እያረፈ ነው። ሰውየው ቀለም አላለቀበትም ነበር። የስፌት ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየውን ነው የሳለው። እኔ ብርሃን እንዴት እንደሚንጸባረቅ ትምህርት ቤት ተፈትኜ ያለፍኩት ሰውዬ አላየሁትም።

ስለዚህ ለልጅቷ የደቂቃ መልስ የለኝም። መጀመሪያ ግን ስልኩን ኪሳችሁ አድርጉት። እናንተ ልጆች፣ አትቀየሙኝና፣ ሥዕሉን ጀርባችሁ አድርጋችሁ ነው የምታዩት። ከሁሉ የሚያስቀኝ ኤልያስ ስሜ ነው፤ ሰውየው የተጣለ የኮምፒውተርና የስልክ ሆድ ዕቃ፣ ሽቦ በሽቦ እየጠለፈ የሚሠራ አርቲስት ነው። እናንተ ደግሞ ሥራው ፊት ነገ የሚጣል ስልክ ይዛችሁ ሰልፊ።

ዞማን በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት እሱና መስከረም አሰግድ ናቸው። እኔን የሚያስቆመኝ እዚያ ግድግዳው ነው። ጭቃና ጭድ ነው፣ ላዩ በእጅ የተቀረጸ። እኛ መሐንዲሶች ጭቃ ቤትን "ጊዜያዊ" እያልን ስንመዘግብ ኖርን። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ጭቃው ከጭዱ ጋር በእግር ይረገጣል፣ ቀናት ይብላላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። አያቴ ቤት ሲለሰን ቡኮው ውስጥ ገብቼ ስረግጥ እስከ ጉልበቴ እሰምጥ ነበር፣ ለዚያውም ቆሎ ተከፍሎኝ። የዞማን ግድግዳ ጠጋ ብዬ ሳይ ጭዱ አሁንም ይታየኛል። ይህን ለልጅቷ ስነግራት የመጀመሪያውን ጥያቄዋን ረስታ "ይሸታል?" አለችና አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ጥሩ ተመልካች ትወጣታለች።

ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ሄዳችሁ አንድ ሥዕል ብቻ አይታችሁ ተመለሱ፤ ሁሉን ለማዳረስ አትሩጡ፣ ሱፐርማርኬት አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን አገር ተምሮ ረቂቅ ሥዕልን፣ አብስትራክት የሚባለውን፣ እዚህ ካመጡት ቀደምቶች አንዱ ነው። ያኔም ሰው "ይሄ ምንድነው?" ብሎት ነበር፤ የሞተው በስደት፣ አሜሪካ ነው። ሥዕሉ አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ መጀመሪያ አታንብቡ። መጀመሪያ እዩ።

አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም አለ፣ 150 ካሬ ሜትር፣ የአፍሪካ ያለፈው፣ ያኔ የነበረው፣ መጪው ጊዜ። እዚያ ግን ቅጥር ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። መታወቂያችሁን ይዛችሁ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውጭ ደመና ሲያልፍ ውስጥ ቀለሙ ሲለዋወጥ ማየት ነው፤ የኔን የሆስፒታል ጠዋት ያስታውሰኛል።

ብር የለንም፣ ጊዜ የለንም የምትሉ ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን አንበሳ እዩት፣ ነፃ ነው። ቴአትር ቤቱ ለንጉሡ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ የቆመ ነው፤ ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ሠራው። ስንታችሁ ናችሁ "አንበሳው ጋ እንገናኝ" ተባብላችሁ ቀና ብላችሁ ያላያችሁት? እኔ ራሴ ያየሁት ሴት ስጠብቅ ነው። አርባ ደቂቃ አስቆመችኝ። ስልክ የለ፣ ጋዜጣ የለ፣ ምን ላድርግ? አንበሳውን አየሁ። ጋማው ፀጉር አይደለም፣ ጠርዝ በጠርዝ የተቆረጠ ድንጋይ ነው፣ ልክ እንደ ሕንጻ። ስትመጣ እያሳየሁ ላስረዳት ስጀምር፣ "ይቅርታ ጠይቂኝ አትለኝም?" አለች። ያቺ ሴት አሁን ባለቤቴ ናት፤ እስከ ዛሬም ታረፍዳለች።

ስልክ ኪሳችሁ አድርጉ አልኳችሁ አይደል? አሁን ደግሞ ልናዘዝ። ያኔ ስልክ በኖረኝ። ያን ግድግዳ አንድ ጊዜ፣ በሩጫም ቢሆን፣ ቀጭ አድርጌው ቢሆን። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የፋብሪካውን የድሮ ሠራተኞች አፈላልጌ ሦስቱን አገኘሁ፣ ስለ ሥዕሉ ጠየቅኳቸው። አንዷ አራት ሴቶች ነበሩ አለችኝ። ሁለተኛው "ወንድ ሰውም ነበረበት፣ እኔን ይመስል ነበር" ብሎ ማለ። ሦስተኛዋ ሥዕሉን ሳይሆን እኔን አስታወሰችኝ፤ "አንተ ነህ ያጠፋኸው!" አለችና ቡና አፈላችልኝ። የሠዓሊውን ስም ማንም አያውቅም። ከመሳሉ በፊት ግን ሳምንታት ስፌት ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያቸው እንደነበር ሦስቱም ነገሩኝ። ሳህን ይዘው የቆሙት ሴትዮ ማን እንደሆኑ ጠየቅኩ። ሞተዋል።

ባለፈው ዓመት ቦታው ድረስ ሄድኩ። ፋብሪካው አሁን መጋዘን ነው፣ ክበቡ ውስጥ ካርቶን ተደርድሯል። ጥበቃው ወጣት ልጅ ነው፣ ስለምነው አስገባኝ። ግድግዳው አሁንም ነጭ ነው፣ ነጭ ከተባለ። ታች በግራ በኩል ጥጉን እርጥበት ይዞት ጄሶው አብጧል፣ እንደ በሰለ እንጀራ ተነስቷል። ጎንበስ አልኩ። ትንሽ ስንጥቅ አለ። በጥፍሬ ፈልቀቅ ላደርገው እጄን ስሰድ፣ ልጁ ከኋላዬ፣ "አባቴ፣ መንካት አይቻልም" አለኝ።