ሂዩማኒዝም «ሰብአዊነት» ነውን? በሕዳሴ ዘመን ቃላት ላይ የቀረበ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስለ አውሮፓ ሕዳሴ ዘመን ጥበብ አንድ መጣጥፍ እየተረጎምሁ ነው። «ሂዩማኒዝም»ን «ሰብዓዊነት» ብዬው ነበር፤ አራሚዬ ግን «ቃሉም ፊደሉም ልክ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። «ፍሬስኮ»ን «የግድግዳ ሥዕል»፣ «ፐርስፔክቲቭ»ን ደግሞ «አተያይ» ብያለሁ። የቱ ይቆይ፣ የቱ ይለወጥ?

መልስ፦ አራሚዎ በሁለቱም ልክ ናቸው። ቀላሉ የፊደሉ ነገር ስለሆነ ከሱ እንነሣ። የ«ሰብአዊ» ሥሩ የግእዙ «ሰብእ» ነው፤ ሰው ማለት ነው፤ የሚጻፈውም በአልፋው አ ነው። በዓይኑ ዐ «ሰብዓ» ካልነው ሰባ ቁጥር ይሆናል። ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ መለሱ የሚባሉት ሊቃውንት «ሰብዓ ሊቃናት» የተባሉት በዚሁ ነው። ስለዚህ «ሰብዓዊነት» ሲጻፍ ቃሉ ከሰው ይርቅና ወደ ሰባ ይጠጋል። በጋዜጣም በሰሌዳም ስናየው ስለኖርን ዐይናችን ለምዶታል እንጂ ልክ አልሆነም።

የቃሉ ችግር ግን ከፊደሉ ይብሳል። የዛሬ አማርኛ አንባቢ «ሰብአዊ» ሲባል በአእምሮው የሚመጣው ሰብአዊ መብት፣ ሰብአዊ እርዳታ፣ ርኅራኄ ነው። «ፔትራርካ የሰብአዊነት አባት ነው» ብለው ቢጽፉለት ሰውየው ድኻ ሲያበላ የኖረ ይመስለዋል። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ (እ.ኤ.አ. 1304–1374) ስሙ የገነነው ግን በየገዳሙና በየካቴድራሉ የተረሱ የላቲን መጻሕፍትን በማደን ነው። በ1345 ቬሮና ላይ የጥንቱ ሮማዊ ተናጋሪ ሲሴሮ ለወዳጁ ለአቲኩስ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አገኘና በገዛ እጁ ገለበጣቸው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢጣሊያ «ስቱዲያ ሁማኒታቲስ» የሚባሉ አምስት ትምህርቶች ነበሩ፦ ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ግጥም፣ ታሪክ እና የሥነ ምግባር ፍልስፍና። ሕግ፣ ሕክምናና ሥነ መለኮት ከነዚህ ውጭ ናቸው። የሕጉን መምህር «ሌጂስታ» እንደሚሉት ሁሉ እነዚህን አምስቱን የሚያስተምረውን ተማሪዎቹ «ኡማኒስታ» አሉት። «ኢዝም» የምትለዋ ጭራ የተቀጠለችው ብዙ ቆይታ ነው፤ በ1808 ኒትሃመር የተባለ ጀርመናዊ የትምህርት ሰው ቀጠላት። እንግዲህ «ሂዩማኒስት» በመጀመሪያ የሙያ መጠሪያ ነበር። ከእኛ ዘንድ አምሳያ ይፈለግለት ከተባለ፣ ከመብት ተሟጋች ይልቅ የቅኔ መምህሩ ይቀርበዋል፦ ግስ የሚያስገስስ፣ አገባብ የሚያሳይ፣ ማንም አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ተማሪውን የሚያስቀኝ ሰው። ልዩነታቸው ከውጤቱ ላይ ነው። ቅኔው ለማኅሌት ይዘረፋል፤ የኡማኒስታው ተማሪ ግን የከተማና የቤተ መንግሥት ደብዳቤ ጸሐፊ ይሆናል። ሌዎናርዶ ብሩኒ የፍሎረንስ ከተማ ዋና ጸሐፊ ነበር፤ ፖጆ ብራቾሊኒም በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ሠርቷል።

ይህ ሙያ ምን ያህል አቅም እንደነበረው የሚያሳየው የጣሊያናዊው ሂዩማኒስት የሎሬንጾ ቫላ ሥራ ነው። ሮማዊው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን ግዛት ለጳጳሱ የሰጠበት ነው የተባለ አንድ ሰነድ ለዘመናት ሲጠቀስ ኖሯል። ቫላ በ1440 ሰነዱ ሐሰተኛ መሆኑን አሳየ፤ ዋና መሣሪያውም ላቲን ማወቁ ነበር። ሰነዱ ንጉሡ ከ«ሳትራፖቹ» ጋር መከረ ይላል። ሳትራፕ የፋርስ አገረ ገዥ መጠሪያ ነው፤ በሮማውያን ምክር ቤት ሳትራፕ የት ተሰምቶ ያውቃል ብሎ ቫላ ተሳለቀበት። ነገሩን ወደ እኛ ለማቅረብ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው በተባለ የርስት ደብዳቤ ውስጥ «ሚኒስትር» የሚል ቃል ቢገኝ እንደማለት ነው። አጋጣሚ ሆኖ ዘርዐ ያዕቆብና ቫላ በአንድ ዘመን የኖሩ ናቸው።

ለመጣጥፍዎ እንግዲህ «ሂዩማኒዝም»ን እንዳለ ይውሰዱት። መጀመሪያ ሲጠቅሱት ብቻ «በጥንት የግሪክና የላቲን ድርሳናት ላይ የተመሠረተ የቋንቋ፣ የታሪክና የሥነ ምግባር ትምህርት» ብለው ይፍቱት፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ ራሱን ይችላል። «ሥነ ሰብእ» የሚሉት አሉ፤ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ለአንትሮፖሎጂ የያዙትም ስላሉ አንባቢን ያምታታል። «ሰው አምላኪነት» የሚለውን ግን ጨርሶ ይጣሉት። በ1516 የግሪኩን ሐዲስ ኪዳን አርሞ ያሳተመውን ኤራስመስን በዚያ ስም መጥራት ነውር ነው። ሃይማኖትን ወደ ጎን የሚተወው የዛሬው ሂዩማኒዝም በስም ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው።

የነዚያ ሰዎች የቋንቋ ጉጉት ግእዝንም ነክቷል። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ቋንቋውን ግን «የከለዳውያን» ብሎ ጠራው። ቃል አሳምሮ የሚመረምር ዘመንም እንዲህ ይስታል።

ስለ «ሕዳሴ» አልጠየቁም፣ ግን ሁለት ነገር ልጨምር። የፈረንሳይኛው «ሬኔሳንስ» በጥሬው ዳግም መወለድ ነው፤ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቫሳሪም በ1550 ባሳተመው የሠዓሊዎች ታሪክ «ሪናሺታ» ብሎታል። በአማርኛ ግን «ዳግም ልደት» ጥምቀትን ስለሚያስታውስ «ሕዳሴ» ይሻላል። ሥሩ ሐደሰ ነውና በሐመሩ ሐ ይጻፋል፤ የ«ሐዲስ ኪዳን» ወንድም ነው። በ«አደሰ»፣ «አዲስ»፣ «እድሳት» ላይ አማርኛ ሐን ጥሎታል። ከግድቡ ስም ጋር የተለመደው «ህዳሴ» አይነቀፍም፤ አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። የሉተርን እንቅስቃሴ ለመጥራት ግን «ተሐድሶ»ን ይያዙና «የፕሮቴስታንት» የሚለውን አይርሱ። በአገራችን ቃሉ ብቻውን ሌላ ክርክር ይጠራል።

አሁን «ፍሬስኮ»። እዚህ ላይ ትርጉምዎ የወገኑን ስም ለአንዱ አባል ሰጥቷል። የግድግዳ ሥዕል ሁሉ ፍሬስኮ አይደለም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ የምናየው ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ፍሬስኮ በጣሊያንኛ ትኩስ፣ ያልደረቀ ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ግድግዳው መጀመሪያ በኖራና በአሸዋ ሸካራ ልስን ይለሰናል። በላዩ ላይ በቀይ አፈር ንድፉ ይነደፋል። ከዚያ ሠዓሊው በአንድ ቀን ሊጨርሰው የሚችለውን ያህል ቦታ ብቻ ስስና ለስላሳ ልስን ይቀባል። ይህን ቁራጭ ጣሊያኖቹ «ጆርናታ» ይሉታል፤ «የቀን ሥራ» ብንለው ምንም አይጎድልበትም። ቀለሙ በውኃ ብቻ ይበጠበጣል፤ ሙጫም እንቁላልም የለበትም። ኖራው ሲደርቅ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፤ ቀለሙንም አብሮ ይይዘዋል።

የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልስኑ ከደረቀ በኋላ የተቀባ ቀለም የሚይዘው ስለሌለ ይራገፋል። ስለዚህ ሲመሽ ያልተቀባው ልስን ተቆርጦ ይነሣል፣ በማግስቱ አዲስ ይለሰናል፤ መጋጠሚያው መብራት በጎን ሲበራበት ዛሬም ይታያል። አዙራይት የሚባለው ሰማያዊ ቀለም እርጥብ ኖራ ስለማይስማማው በደረቁ በሙጫ ወይም በእንቁላል ይቀባ ነበር፤ የብዙ እመቤታችን ሥዕሎች ሰማያዊ ካባ ከሌላው ቀድሞ የረገፈው ለዚህ ነው። ውኃው የበዛበት ልስን ደግሞ ይሻግታል፤ ሚኬላንጄሎ የሲስቲናን ጣራ (1508–1512) ሲጀምር ይኸው ደርሶበታል።

ስለዚህ «ፍሬስኮ»ን ይያዙና «በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ የተሣለ ሥዕል» ብለው ይፍቱት። የሌዎናርዶ ዳ ቪንቺን የሚላኖ «የመጨረሻው እራት» ግን ፍሬስኮ እንዳይሉት። ሌዎናርዶ ቀስ ብሎ እየደጋገመ መሥራት ይወድ ስለነበር በደረቅ ግድግዳ ላይ በእንቁላልና በዘይት ቀለም ሣለው፤ በ1498 ገደማ ተጠናቀቀ፣ እሱ በሕይወት ሳለም መላላጥ ጀመረ። ለሱ «የግድግዳ ሥዕል» ያሉት ትክክል ነው።

«አተያይ» ይለወጥ። ፐርስፔክቲቭ በጠፍጣፋ ሥዕል ላይ ርቀትን የማሳያ ዘዴ ነው፤ ስለዚህ ዘዴ የጻፈውን ጣሊያናዊ አርክቴክት አልበርቲን ይዘን «የአልበርቲ አተያይ» ስንል የአልበርቲ አስተሳሰብ ይመስላል። «የርቀት አሣሣል» ቢባል ነገሩን ይነግራል። ብዙዎች «የመጥፊያ ነጥብ» የሚሉትም ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው፤ ወደ ርቀት የሚሄዱት መስመሮች እዚያ ይገናኛሉ እንጂ አይጠፉም፣ ስለዚህ «መገናኛ ነጥብ» ይሁን። አልበርቲ በ1435 እንዲህ አሳይቷል፦ በሥዕሉ ላይ የሚቆመውን ሰው ቁመት ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ በአንዱ ክፍል ልክ የሥዕሉን ታችኛ ጠርዝ ይለካል፤ ከየልኩ ላይ ወደ መገናኛ ነጥቡ መስመር ይስባል። ነጥቡ ከሰውየው ቁመት ከፍ እንዳይል ይመክራል፤ አለበለዚያ ተመልካቹና የተሣሉት ሰዎች በአንድ መሬት ላይ የቆሙ አይመስሉም። መለኪያው «ብራቾ» ነው፤ አማርኛ «ክንድ» የሚል ቃል ስላለው መበደር አያስፈልግም። የፍሎረንሱ ክንድ ግን 58 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ ከእኛው ይረዝማል።

ረቂቅዎ ውስጥ «ሰአሊ» ካለ ያርሙት። ሥዕል የሚሥለው በንጉሡ ሠ «ሠዓሊ» ነው፤ በእሳቱ ሰ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፣ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» እንደምንለው። «ሚኬላንጄሎ ታላቅ ሰአሊ ነበር» ካልን ታላቅ ለማኝ ነበር አልን፤ ክፍያውን ከጳጳሱ ከዩልዮስ 2ኛ ለማግኘት ስንት ለተንገላታ ሰው ስሙ ባይበዛበትም። «ማይክል አንጄሎ» በእንግሊዝኛ በኩል የዞረ ነው፤ «ራፋኤሎ»ንም «ሩፋኤል» ካሉት ከሊቀ መላእክቱ ጋር ይቀላቀላል።

የዘመን ስምም ያሳስታል። «ኳትሮቼንቶ» በጣሊያንኛ አራት መቶ ማለት ቢሆንም የሚያመለክተው ከ1400 እስከ 1499 ያሉትን ዓመታት ነው፤ በአማርኛ 15ኛው ክፍለ ዘመን ይባላል እንጂ 14ኛው አይባልም። እዚህ የጠቀስኋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እርስዎም ከመጀመሪያው ዓመት ጎን «እ.ኤ.አ.» ይጻፉ፤ «ዓ.ም.» ብቻ ካሉ አንባቢው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሮ ያሰላል።