ጥቅልል ፀጉር ላላችሁ፦ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ፀጉር ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ጥቅልል ፀጉር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከላካችሁልኝ ውስጥ እነሆ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ቅቤም ዘይትም እቀባለሁ። በማግስቱ ግን ፀጉሬ ድርቅ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የኔ ቆንጆ፣ ፀጉርሽ የጠማው ውሃ ነው። የራስ ቆዳችን የራሱን ወዝ ያወጣል። ሉጫ ፀጉር ላይ ወዙ በቀላሉ ቁልቁል ይወርዳል። ጥቅልል ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው እየቀረ ጫፉ ጋ አይደርስም። ቅቤና ዘይት ደግሞ እርጥበት አይጨምሩም፤ ሥራቸው ያለው እርጥበት ቶሎ እንዳይወጣ መያዝ ነው። ደረቁ ላይ ስትቀቢ የሚይዙት ነገር የለም።

በሳምንት አንድ ቀን ለፀጉርሽ መድቢ። ማታ ጨውና ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ ወይም የጉሎ ዘይት ፀጉሩን ቀብተሽ፣ ሸፍነሽ እደሪ። ጠዋት ሻምፖውን የራስ ቆዳሽ ላይ ብቻ አድርጊ፤ አረፋው ሲወርድ ለቀረው ይበቃል። ሰልፌት (ፀጉር የሚያደርቅ ጠንካራ ማጽጃ) የሌለበት ካገኘሽ ይሻላል። ቀጥሎ ኮንዲሽነር፣ ሳትቆጥቢ። ሳታጥቢው፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር እየወጣሽ ፍቺው። ከታጠብሽ በኋላ ፀጉርሽ ገና እርጥብ እያለ ሳይታጠብ ፀጉር ላይ የሚቀረውን ኮንዲሽነር (ሊቭ-ኢን) ቀቢ፣ ከላዩ ትንሽ ዘይት። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ። በሳምንቱ መሀል ሲደርቅ ውሃ በስፕሬይ ነፋ ነፋ አድርጊበት።

ጥያቄ፦ የተልባ ጄል እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ ያልታመሰ ተልባ ያዢ። 1 እጁን በ8 እጅ ውሃ እያማሰልሽ ቀቅይ። እንደ እንቁላል ነጭ መሳብ ሲጀምር አውጪና በትኩሱ በስስ ጨርቅ አጥልይ፤ ከቀዘቀዘ አይወርድልሽም። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሽታው ከተለወጠ ድፊው።

ጥያቄ፦ ፎሮፎር አለብኝ። እናቴ ቅቤ ካልተቀባሽ አይለቅሽም ትለኛለች።

መልስ፦ እናትሽ ለአንቺ አስባ ነው። ግን ፎሮፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ስለዚህ ቅቤው ፀጉሩ ላይ ይሁን፣ ቆዳው ላይ ይቅር። ከፋርማሲ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ግዢ። በሳምንት 2 ጊዜ ቆዳሽን እሽት አድርገሽ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይተሽ ታጠቢ። በአንድ ወር ካልተሻለሽ የቆዳ ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ራስ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩ ረገፈ። ምን ልቀባው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አትቀቢው፤ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ጭርት ሊሆን ይችላል። የራስ ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። እስከዚያ ማበጠሪያውንና ፎጣውን ለዪለት፤ ለወንድም እህቶቹ ይጋባል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሻሽ አስራለሁ፣ ፀጉሬም ይበጣጠሳል።

መልስ፦ ጥጥ ሻሽ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ፀጉሩንም ይፈትገዋል። ከሥሩ ሳቲን ጨርቅ እሰሪ። ስትተኚም እንደዚያው። እርጥብ ፀጉር ላይ ግን ሻሽ አታጥብቂ፤ ያሳክካል፣ ይሸታል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል) ስቀባ ነበር። ለመተው የግድ መቆረጥ አለብኝ?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ሪላክስ የሆነው ግን ወደ ጥቅልልነቱ አይመለስም፤ የሚመልስ ቅባት አለ የሚልሽን አትመኚ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። አዲሱ እስኪረዝም አሮጌውን ትንሽ ትንሽ ማስቆረጥ ትችያለሽ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ቶሎ ይበጠሳል፣ እዚያ ጋ ቀስ በይ፤ መተኮሱም ይቅርብሽ። እኔ ብሆን አጭር ተቆርጬ እጀምር ነበር።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ጎፈሬ እያሳደግኩ ነው። ለኔም ይሠራል?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ሁሉም ይሠራል። ብቻ ደረቁን በሚዶ አትፈልቅቀው፤ መጀመሪያ ውሃ አስነካው።

ጥያቄ፦ ሹሩባ ስሠራ ፊት ለፊቴ እየሳሳ መጣ።

መልስ፦ ሹሩባውን ፍቺውና ለጥቂት ወራት አሳርፊው። ሲሠሩሽ ካመመሽ ወይም ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ካወጣ ጠብቋል ማለት ነው፤ ለሠሪዋ ሳታፍሪ «አላዪልኝ» በያት። በጊዜ ከተያዘ ይበቅላል። ቦታው ልስልስና አብረቅራቂ ከሆነ ግን ሥሩ ሳይሞት አይቀርምና ሳትዘገዪ የቆዳ ሐኪም አማክሪ።