የሰርግና የቤተሰብ ቪዲዮን በምዕራፍ ስለ መከፋፈል፦ ጥያቄና መልስ

ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የገለበጥሁትን የሁለት ሰዓት ተኩል የሰርግ ቪዲዮ በምዕራፍ ከፋፍዬ ማስቀመጤን ከገለጽሁ በኋላ ብዙ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ምዕራፍ ማበጀት ማለት ቪዲዮውን መቆራረጥ ነው? ጥራቱስ አይቀንስም?

መልስ፦ መቆራረጥ አይደለም፤ ጥራቱም አይቀንስም። ምዕራፍ ማለት በፋይሉ ውስጥ ከምስሉና ከድምፁ ጎን የሚቀመጥ፣ «ከዚህ ደቂቃና ከዚህ ሰከንድ ጀምሮ ያለው ይህ ነው» የሚል አጭር ጽሑፍ ነው። ኤምፒ4 እና ኤምኬቪ የምንላቸው የፋይል ዓይነቶች ምስልን፣ ድምፅንና እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንድ ላይ የሚይዙ እንደ ሙዳይ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ሙዳዩ ውስጥ አንዲት ወረቀት ብትጨመር ቀድሞ የነበረው ዕቃ አይለወጥም። ስለዚህ ምዕራፍ ለመጨመር ብቻ ብሎ ቪዲዮውን ለሰዓታት እንደገና ኢንኮድ የሚያደርግ (ምስሉን ፈትቶ እንደ አዲስ የሚጨምቅ) ፕሮግራም ካጋጠመዎት፣ ያለ አስፈላጊነቱ ጥራት እየቀነሰብዎት ነውና ይተዉት።

ጥያቄ፦ ታዲያ በየትኛው ፕሮግራም ልሥራ?

መልስ፦ ፋይልዎ ኤምኬቪ ከሆነ፣ ወይም ወደ ኤምኬቪ ቢዛወር ቅር የማይልዎት ከሆነ፣ ኤምኬቪቱልኒክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም እመርጣለሁ። በውስጡ ያለውን የምዕራፍ ማዘጋጃ ከፍተው የእያንዳንዱን ምዕራፍ መነሻ ሰዓትና ስም ካስገቡ በኋላ እዚያው ፋይል ላይ እንዲያስቀምጠው ማዘዝ ይችላሉ፤ ፋይሉን በሙሉ ስለማይጽፈው ሥራው በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል።

በኤምፒ4 መቆየት ከፈለጉ መሣሪያው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። ይህ ፕሮግራም ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፤ ነገር ግን የሚፈልገው የእያንዳንዱን ምዕራፍ መጀመሪያ፣ መጨረሻና ርዕስ የያዘ አንድ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው። የጊዜ መለኪያውን የሰከንድ አንድ ሺህኛ ካደረጉት፣ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ 250000 ተብሎ ይጻፋል። ምስሉና ድምፁ ሳይነኩ እንዲገለበጡ ማዘዝዎን አይርሱ። ቪዲዮን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ስለሚለውጠው ሃንድብሬክ ስለተባለው ፕሮግራም የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ እርሱ የነበሩትን ምዕራፎች ስም መለወጥ ቢችልም በፈለጋችሁት ደቂቃ ላይ አዲስ ምልክት አያስቀምጥም፣ ቪዲዮውንም እንደገና ኢንኮድ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ የምዕራፎቹን ስም በአማርኛ ጻፍሁ፤ ኮምፒዩተር ላይ የጥያቄ ምልክት፣ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይታየኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የጥያቄ ምልክት ከታየ ፊደሉ የጠፋው የጽሑፍ ፋይሉ በተቀመጠበት ጊዜ ነው፤ ስሞቹን እንደገና ጽፈው ፋይሉን ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን (የአማርኛን ፊደል ጭምር የሚይዘውን የጽሑፍ ማስቀመጫ ስልት) ይምረጡ። ባዶ ሳጥን ከታየ ግን ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው የቴሌቪዥኑ የግእዝ ፊደል ነው። ኤምኬቪ ለአንድ ምዕራፍ በተለያዩ ቋንቋዎች ስም እንዲሰጥ ስለሚፈቅድ፣ ከአማርኛው ጎን በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም መጨመር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ምዕራፉን ስመርጥ ካስቀመጥሁበት ቦታ ጥቂት ሰከንዶች ቀድሞ ይጀምራል። ስህተቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የተጨመቀ ቪዲዮ ሙሉ ምስል የሚይዘው አልፎ አልፎ በሚመጡ ቁልፍ ፍሬሞች (ፍሬም ማለት ቪዲዮው የተሠራበት አንድ ነጠላ ምስል ነው) ላይ ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ብዙ ማጫወቻዎች ዘለው ሲሄዱ የሚያርፉት በአቅራቢያው ባለው ቁልፍ ፍሬም ላይ ነው። ኤክስ264 የተባለው ኢንኮደር ካልታዘዘ በቀር በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች መካከል እስከ 250 ፍሬም ሊያሳልፍ ይችላል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄደው የአገራችን የካሴት ቪዲዮ ይህ 10 ሰከንድ ነው። ካሴቱን ገና የሚገለብጡ ከሆነ ይህን ቁጥር ወደ 50 ዝቅ ያድርጉት። ተገልብጦ ያለቀውን ግን ለዚህ ብለው እንደገና ኢንኮድ አያድርጉ።

ጥያቄ፦ የሰርግ ቪዲዮን በስንት ምዕራፍ መክፈል ይገባል?

መልስ፦ ሰርጋችን ራሱ የተከፈለ ነው፦ የሙሽራው ቤት፣ ሚዜዎቹ በሙሽራዋ ደጃፍ የሚከለከሉበት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መናፈሻ ለፎቶግራፍ፣ አዳራሽ፣ ኬክ ቆረሳ፣ ከዚያም መልስና ቅልቅል። ሆኖም እነዚህን ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም እላለሁ። የአርባ ደቂቃ ጭፈራ አንድ ምዕራፍ ይበቃዋል፤ የሁለት ደቂቃ ምርቃት ግን ለብቻው ምዕራፍ ሊሆንና የመራቂው ስም ሊጻፍበት ይገባል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆች የሚፈልጉት የአያታቸውን ድምፅ ነውና። እኔ የሰርጉን ቪዲዮ ስከፍል እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ነበር። እኔ «እንግዶች ሲገቡ» ብዬ ያለፍሁትን ክፍል እርሷ ሦስት ጊዜ አስቁማ፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን አምስት ሰዎች ነገረችኝ። የምዕራፉ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ደረሰ፤ ከዚህ ብዙም ባይበልጥ እመክራለሁ።

ዓመተ ምሕረትንም በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው በምስሉ ጥግ ላይ የሚያትመው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ርዕሱ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከጻፉ «ዓ.ም.» የሚለውን ይጨምሩበት፤ አለበለዚያ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በኋላ ክርክር ያስነሳል።

ጥያቄ፦ ከቪዲዮ ቤት የተቀበልሁት ዲቪዲ ምዕራፍ ነበረው፤ ወደ ኮምፒዩተር ስቀዳው ጠፋ።

መልስ፦ የቀዱት ቪኦቢ የተባሉትን ትልልቅ ፋይሎች ብቻ ስለሆነ ነው። የምዕራፎቹ ዝርዝር ያለው አይኤፍኦ በተባሉት ትንንሽ ፋይሎች ውስጥ ነው። ሜክኤምኬቪ የተባለው ፕሮግራም ዲቪዲውን በሙሉ አንብቦ ከነምዕራፉ ወደ ኤምኬቪ ያዛውረዋል።

ጥያቄ፦ ውጭ ላሉ ዘመዶቼ ብልክላቸው ምዕራፎቹ ይታያሉ?

መልስ፦ ፋይሉን አውርደው ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ካዩት ይታያሉ። በቴሌግራም ውስጥ ለሚያዩት ግን ሰዓቶቹን ከቪዲዮው ሥር በጽሑፍ ይዘርዝሩላቸው፤ ሰዓቱን ሲነኩት ወደዚያው ይዘልላል። ዩቲዩብም ከመግለጫው ሥር ካለው ዝርዝር ምዕራፍ ያወጣል፤ ዝርዝሩ ከ0:00 መጀመር፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓቶች መያዝ፣ እያንዳንዱም ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ አለማነስ አለበት።

ጥያቄ፦ ምዕራፎቹን ከጨረስሁ በኋላ ከመጀመሪያው 40 ሰከንድ ባዶ ምስል ቆረጥሁ፤ ሁሉም ተዛቡ።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ መቁረጥ፣ ከዚያ ምዕራፍ ማስገባት ነው። የቆረጡት በኤምኬቪቱልኒክስ ቢሆን ኖሮ ሰዓቶቹን ራሱ ያስተካክላቸው ነበር። አሁንም አልረፈደም፤ በምዕራፍ ማዘጋጃው ውስጥ ሁሉንም ሰዓቶች በአንድ ጊዜ በ40 ሰከንድ ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ለብቻው አውጥተው በቪዲዮው ስም፣ ከቪዲዮው አጠገብ ያስቀምጡት፤ ነገ ፋይሉን ወደ ሌላ ዓይነት ሲለውጡ ምዕራፎቹ ቢጠፉ ከዚያው መልሰው ያስገቧቸዋል።