«8 ከ4 ይበልጣላ!»

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። 23 ዓመትሽ ነው፣ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምሪያለሽ፣ 58 ተማሪ አለሽ። የክፍልፋይና የአስርዮሽ ፈተና ሰጥተሽ 41ዱ ከግማሽ በታች አመጡ። አጎትሽ ይህን ሲሰሙ «ይበቃሻል፣ የመምህር ደመወዝ አያኖርሽም፣ አካውንቲንግ ተማሪና ባንክ ላስገባሽ» አሉሽ። አንቺም «ተሰጥኦው የለኝም መሰለኝ፣ ልልቀቅ ወይ? ወይስ በክረምት ዲግሪ ተምሬ ሁለተኛ ደረጃ ላስተምር? ወይስ ዝውውር ልጠይቅ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

በዚህ ምክንያት አትልቀቂ።

አማካሪ ከመሆኔ በፊት አሥራ አንድ ዓመት አራተኛና አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬአለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያንቺው ነገር ደረሰብኝ። ከ1/4 እና ከ1/8 የቱ ይበልጣል ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ 1/8 አለኝ። ለምን ስል አንዲት ልጅ ተነስታ «8 ከ4 ይበልጣላ!» አለችኝ። ሰነፍ ልጅ አልነበረችም። አራት ዓመት ያስተማርናትን ነው የመለሰችልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጥሩ ከበለጠ ነገሩም ይበልጣል። ክፍልፋይ ሲመጣ ያ ሕግ ይገለበጥባታል፣ እንደተገለበጠ ግን ማንም አልነገራትም።

አስርዮሹም ላይ ያው ነው። 25 ከ5 ስለሚበልጥ 0.25 ከ0.5 ይበልጣል ይላሉ። 1/2 ሲደመር 1/3 ስትያቸው ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው 2/5 ይሉሻል። እነዚህን ስህተቶች ሌላ አገርም ያሉ መምህራን በደንብ ያውቋቸዋል። እስቲ የፈተናውን ወረቀት መልሰሽ አውጪና ስህተቱን በየዓይነቱ ለይው። ሦስት አራት ዓይነት ቢሆን ነው።

እኔ በማግስቱ ሁለት እኩል ዳቦ ገዝቼ ገባሁ። አንዱን ለአራት፣ ሌላውን ለስምንት ቆረጥኩ። «ከየትኛው መውሰድ ትፈልጋላችሁ?» ስላቸው ሁሉም አራት ቦታ ወደተቆረጠው ተንጋጉ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ 1/4 እና 1/8 ጻፍኩ። ያቺ ልጅ ቁራሿን እንደያዘች ሰሌዳውን ቆማ አየችው። «ለካ የታችኛው የተካፋዩ ብዛት ነው» አለች። ታህት ምን እንደሆነ ከዚያ በተሻለ ማስረዳት አልችልም።

ዳቦው ግን እስከ አንድ ድረስ ብቻ ነው የሚወስድሽ። 5/4 ሲመጣ «አራት ቦታ ከተቆረጠ ዳቦ አምስት ቁራሽ ከየት ይመጣል?» ይሉሻል፣ እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ወጥሪ። 0፣ 1 እና 2ን በወረቀት ጽፈሽ በእኩል ርቀት ስቀዪ። 5/4 የት እንደሚሰቀል እነሱ ይከራከሩበት። ክፍልፋይ ቁራሽ ብቻ ሳይሆን በመስመሩ ላይ የራሱ ቦታ ያለው ቁጥር መሆኑ የሚገባቸው እዚያ ነው።

ለአስርዮሽ ሳንቲም ላይ አትመኪ። በኛ ጊዜ ስሙኒ 0.25 ብር መሆኑን ልጅ ከኪሱ ያውቀው ነበር። የዛሬ ልጅ በሳንቲም የሚገዛው ነገር የለውም። ሜትር ይሻልሻል። 0.5 ሜትርና 0.25 ሜትር ክር ለክተው ይቁረጡ። አንዱ 50፣ ሌላው 25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ክርክሩ ያበቃል። ሕጉን ከዚህ በኋላ አስተምሪ። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሕጉ እንጀምራለን።

ይህን ምዕራፍ አቅልለሽ እንዳታይው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሲግለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት የአሜሪካና የእንግሊዝ ልጆችን መረጃ ተመልክቶ ነበር። በአንደኛ ደረጃ ክፍልፋይና ማካፈል በደንብ የገባቸው ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ አልጀብራም ሆነ ጠቅላላ ሒሳብ የተሻለ ይሠሩ ነበር። የቤተሰብ ገቢና የልጁ ችሎታ ግምት ውስጥ ገብቶም ውጤቱ ያው ነው። ለዚህ ነው «አንደኛ ደረጃ ማስተማርማ ማንም ይችለዋል» ሲባል የምናደደው።

አጎትሽ ስለ ገንዘብ ያሉት ትክክል ነው። የመምህር ደመወዝ ከቤት ኪራይ ተርፎ ወር አያደርስም። ግን «ላስገባሽ» ማለት ቀላል ነው። የትምህርቱን ክፍያ ማን ይከፍላል? ባንክ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ ስንት አካውንቲንግ የጨረሰ ወጣት እንደሚሰለፍ አይተዋል? በአክብሮት ጠይቂያቸው። የቅጥር ደብዳቤው በእጅሽ ሳይገባ መልቀቂያ እንዳትጽፊ። እስከዚያው ማታ ማታ አስጠኚ። ክፍልፋይ በደንብ የሚያስረዳ ሰው ወላጅ ፈልጎ ነው የሚያገኘው። የራስሽን ክፍል ተማሪዎች ግን በገንዘብ አታስጠኚ። ክፍል ውስጥ የሚገባቸውን ነገር በክፍያ እንደምትሸጪባቸው ይቆጥሩታል።

የክረምቱን ዲግሪ ጀምሪው፣ ለደረጃ እድገትሽም ይጠቅማል። ከልጆቹ ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ግን አልመክርሽም፤ ይኸው ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይጠብቅሻል። የዝውውሩን ነገር ለከርሞ አቆይው።

ሰኞ ገመዱን ይዘሽ ግቢ። 5/4ን የት እንደሰቀሉት ጻፊልኝ።