መጽሐፉ እስኪታተም አጫጭሮቹን ልቀቂያቸው

እህቴ፣ የወንጀል ልብወለድሽ ማተሚያ ቤት መግባቱን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ስለ መርማሪው የጻፍሻቸውን አጫጭር ታሪኮች እስከዚያ በዲጂታል ባወጣ መጽሐፉን ይጎዳብኛል ወይ ላልሽው፣ በእኔ እምነት አይጎዳም። አንባቢ መርማሪውን ቀድሞ ይለምደዋል። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ሻይ ቤት ስቀመጥ የማየው ወጣት አብዛኛው የሚያነበው ስልኩ ላይ ነው።

ግን በፒዲኤፍ ብቻ አትልቀቂ። የፒዲኤፍ ገጽ ስለማይለወጥ ትንሽ ስክሪን ላይ ፊደሉ ይደቅቃል፤ ኢፐብ (EPUB) የሚባለው የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል ግን ከስክሪኑ ጋር ራሱን ያስተካክላል። የአማርኛ ፎንቱንም ፋይሉ ውስጥ አብረሽ ክተቺው፣ አለዚያ አንዳንድ መሣሪያ ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው።

ስርቆት ከፈራሽ፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ባይመዘገብም መብቱ ያንቺ ነው፤ ዕድሜሽን ሙሉ፣ ከዚያም በኋላ 50 ዓመት። ይልቅ ከአሳታሚው ጋር የፈረምሽውን ውል ደግመሽ እይ። የዲጂታል መብቱን ለእሱ ሰጥተሽ ከሆነ ሳትነጋገሪ አንድም ታሪክ እንዳትለቂ።

ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ሬሳ የሚገኝበትን ያልሽውን በነፃ አስቀድሚው፣ ሌሎቹን በቴሌብር እያስከፈልሽ ላኪ። የመጽሐፉን ገዳይ የሚጠቁመውን ግን አደራ፣ አቆዪው።