ከቡፌው ይውጣ፦ ስለ ጣሊያን ማዮሊካ ሳህኖች ለጠየቃችሁኝ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። በእጅ ስለሚሳሉት የጣሊያን የሸክላ ሳህኖች፣ ማዮሊካ ስለሚባሉት። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ሮም በሰው ቤት ስሠራ 11 ዓመት በየቀኑ ያጠብኳቸው ሳህኖች እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ አክስቴ ከጣሊያን ስትመጣ ስድስት ሳህን ይዛልን መጣች። ነጩ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ሥዕል አለበት፤ መሀሉ ላይ ዘንዶ የመሰለ ነገር አለ። ጀርባው «ዴሩታ» ይላል። ባለቤቴ «የእንግዳ ነው፣ ቡፌ ውስጥ ይቀመጥ» ይላል። እኔ ደግሞ ልጆቼ ቁርስ እንዲበሉበት እፈልጋለሁ። ግን መርዝ አለበት፣ እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት ብለው አስፈራሩኝ። ደግሞስ እንደ ሸክላ ድስት ማሟሸት አለብኝ ወይ? — የሁለት ልጆች እናት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልክ ነሽ። ልጆቹ ይብሉበት።

ባለቤትሽ ላይ ግን አልፈርድም። እኛም ቤት ቡፌ ነበረን። እናቴ ማኅበር ካልደገሰች በቀር መስታወቱን አትከፍትም ነበር። ነገሩ ሌላ መልክ እንዳለው ያየሁት ሮም ነው። የምሠራላቸው ሲኞራ ጠዋት ዳቦና ማርማላታቸውን፣ ማታ ሾርባቸውን የሚበሉት ዴሩታ በምትባል የጣሊያን ከተማ በተሠራ ሳህን ነበር። ዳሩ የተሸረፈ እንደሆነ የፍራፍሬ ማስቀመጫ ይሆናል፤ አዘቦት ሳህን ነውና ማንም አይደነግጥም።

ዘንዶ የመሰለሽ ነገር ዘንዶ ነው። ራፋኤሌስኮ ይሉታል። ሰዓሊው ራፋኤልና ተማሪዎቹ ቫቲካን ውስጥ ከሳሏቸው ጌጦች የመጣ ንድፍ ስለሆነ ነው በስሙ የተጠራው። የዴሩታ ሰዎች ገድ ያለው ዘንዶ ነው ይላሉ፤ ልጆችሽ አይፍሩት።

አንድ ቀን ሲኞራ የተሰበሩትን ሳህኖች ሊተኩ ዴሩታ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። ኡምብሪያ ውስጥ፣ ከፔሩጃ ወደ ደቡብ፣ ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ሠሪ ቤት ገባን። ሰውየው አንዴ ተጋግሮ የወጣ ሳህን አነሣ። እንደ እኛ ጣባ ቀላ ያለ፣ ምንም ያልተቀባ ነው። ወተት በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ ነከር አድርጎ አወጣው። ያ ፈሳሽ ሲጋገር ብርጭቆ የሚሆን ዱቄት አለው፤ የቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት እንጂ የጣሪያው አይደለም) ኦክሳይድ ተጨምሮበታል። ሳህኑን እንዲያ ነጭ የሚያደርገው ቆርቆሮው ነው። ሸክላው ውሃውን ዓይኔ እያየ ጠጣው። ላዩ ላይ የቀረው በጣት ሲነኩት የሚራገፍ ነጭ ዱቄት ብቻ ነው።

ሥዕሉን የሚስሉት እዚያ ዱቄት ላይ ነው! አንዲት ሴት ሳህኑን በምትሽከረከር ትንሽ ሰሌዳ ላይ አስቀመጠች። ብሩሹን ነክራ እጇን አጸናች፤ ሰሌዳውን ብቻ አዞረች። ዳር ዳሩን የሚሄደው ቀጭን መስመር በአንድ ዙር ወጣ። ቀለሙ ባረፈበት ይሰምጣል። ላጲስ የለ፣ መጥረግ የለ። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ቀለሞቹ ከማዕድን የሚሠሩ ናቸው፦ ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ወይን ጠጁ ከማንጋኒዝ። ሳይጋገሩ ደብዛዛ ናቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሲጋገሩ ዱቄቱ ይቀልጥና ብርጭቆ ይሆናል፤ ሥዕሉም ከብርጭቆው ጋር ይዋሃዳል።

ስለዚህ ማሟሸት አያስፈልግሽም። ድስትና ጀበና የምናሟሸው ሸክላው ራቁቱን ስለሆነ ነው። ያንቺን ሳህን ብርጭቆው አልብሶታል። እሳት ላይ ብትጥጂው ግን ይሰነጠቃል፤ እንዳትሞክሪው።

አሁን ወደ እርሳሱ። ነገሩ እንዲያው ወሬ አይደለም። የድሮዎቹ ሠሪዎች የብርጭቆው ልባስ በደንብ እንዲቀልጥ እርሳስ ይጨምሩበት ነበር። በደንብ ካልተጋገረ ወይም ካረጀ ኮምጣጣ ምግብ እርሳሱን እየሳበ ያወጣዋል። እርሳስ ደግሞ ከሁሉ በላይ ልጆችን ይጎዳል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1984 የወሰን ልክ ያበጀለት ለዚህ ነው። ሲመረምሩ ሳህኑ ላይ 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ያለው ፈሳሽ ለ24 ሰዓት ያቆያሉ፤ ከዚያ የወጣውን እርሳስና ካድሚየም የሚባለውን ሌላ መርዛማ ብረት ይለካሉ። በዚያ ሕግ ለዝርግ ሳህን የእርሳሱ ወሰን በካሬ ዴሲሜትር 0.8 ሚሊግራም ነው፤ ለጎድጓዳው በሊትር 4 ሚሊግራም። እኛ እንጀራ በላተኞች ነን፤ እንጀራ ኮምጣጣ ነው። እኔ ይህን ነገር ቀለል አድርጌ የማላየው ለዚህ ነው።

አክስትሽን ደውለሽ ጠይቂያት። አዲስ ነው ወይ? ለምግብ ተብሎ የተሸጠ ነው ወይ? ጀርባው ወይም ካርቶኑ ላይ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ካለ ለምግብ የተሠራ ነው ማለት ነው። «ለጌጥ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን ባለቤትሽ ያሸንፋል፤ ቡፌው ውስጥ ይግባ። ለምግብ የሆነውም ቢሆን የቲማቲም ሰላጣ ወይም ሎሚ ያለበት ነገር አታሳድሪበት።

አጠባብ ላይ አንድ ነገር አደራ። ውሃችን በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለ ቀን ዕቃውን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈን ማሳደር ለምደናል። ማዮሊካ አይዘፈዘፍም። ገልብጠሽ እግሩን እይው፤ ብዙውን ጊዜ ልባስ የሌለው ሸክላ ነው። በዚያ በኩል ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ሸክላ ያብጣል፤ ውሎ አድሮ ላዩ ይሰነጣጠቃል። ማይክሮዌቭ ስታስገቢውም ከምግቡ በፊት ሳህኑ ይግልና እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ በጆግ ለብ ያለ ውሃ ቀንሰሽ፣ በለስላሳ ስፖንጅ እዚያው እጠቢው። ሽቦ አይንካው። ስትደረድሪ በየመሀሉ የአቡጀዲ ቁራጭ ጣል አድርጊበት፤ የላይኛው ሳህን እግር የታችኛውን ፊት ይፍቀዋልና።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ወለደች። ሁሉም ሰው የሕፃን ልብስና ዳይፐር ነው ይዞ የሚሄደው። እኔ አንድ ባዛር ላይ በእጅ የተሳለ የጣሊያን ጎድጓዳ ሳህን አይቼ ልቤ ተነሣ። ለአራስ ሳህን ይሰጣል እንዴ? ደግሞ የእውነት በእጅ የተሳለ መሆኑን በምን ልወቅ? — ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ይሰጣል እንጂ! ጓደኛሽን እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ የተገረምኩት በምን መሰለሽ? ማዮሊካ ጣሊያን ውስጥ የአራስ ስጦታ የነበረበት ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ ለወለደች ሴት ሾርባ የሚቀርብበት፣ እርስ በርሱ የሚደራረብ የማዮሊካ ዕቃ ይሠራ ነበር። ከታች የሾርባው ጎድጓዳ፣ እላዩ ላይ እንደ ክዳንም እንደ ሳህንም የሚያገለግል ዝርግ። ሥዕሉ ደግሞ አልጋ ላይ ያለች አራስ፣ ዙሪያዋን ጉድ ጉድ የሚሉ ሴቶች፣ ሕፃኑን የሚያጥቡ እጆች። የእኛ የገንፎ ቤት በይው! ከገንፎው በቀር ሁሉም አለ።

ስለዚህ አንቺ ገንፎውን ጨምሪበት። ጎድጓዳው ለገንፎ ልክ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አሙቂው፤ በቀዝቃዛ ሸክላ ላይ የሚያቃጥል ገንፎ ሲገለበጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። መሀሉን ጎርጎድ አድርገሽ ቅቤና በርበሬውን አፍስሺበት። ላዩ ጤነኛ ከሆነ በርበሬው ቀለም አይተውም። ተበልቶ ሲያልቅ ከሥር ሥዕሉ ብቅ ይላል። ይህን ለማየት ብቻ ነው እኔ ብሆን የምገዛው። አራስነቱ ሲያልፍ ደግሞ የቡና ቁርስ፣ ቆሎና ፈንዲሻ ይቀርብበታል።

ስለ እጅ ሥራው። ተመሳሳይ ሥዕል ያላቸውን ሁለት ዕቃ አስቀርቢና ጎን ለጎን አድርጊያቸው። አንዱ ቅጠል ወደ ግራ ዘንበል፣ ሌላው ወፈር ካለ የሰው እጅ ነው። ፀጉር የማይለያያቸው ከሆኑ የታተመ ነው። ከዚያ የስልክሽን ካሜራ አቅርቢው። ቀለሙ በደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ የማተሚያ ሥራ ነው። ብሩሽ ሲሆን ግን ጭረቱ መነሻና መድረሻ አለው፤ ቀለም በበዛበት ይጠቁራል፣ ባነሰበት ይሳሳል። ገልብጪው። «ዲፒንቶ አ ማኖ» የሚል ጽሑፍ በእጅ የተሳለ ማለት ነው። የከተማ ስምም ይኖረው ይሆናል፦ ዴሩታ፣ ፋኤንሳ፣ ከአማልፊ አጠገብ ያለችው ቪዬትሪ፣ ወይም የሲሲሊዋ ካልታጂሮኔ። ጽሑፍን ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። እኔ ከጽሑፉ ይልቅ ብሩሹን ነው የማምነው።

መጨረሻ ላይ በጣትሽ አንኳኪው። ጀበና ስንገዛ እንደምናደርገው ማለቴ ነው። ማዮሊካ ሸክላ ስለሆነ እንደ ፖርሴሊን ጥርት ያለ ድምፅ አይጠበቅበትም። ግን ድምፁ የታፈነ፣ የሞተ ከሆነ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለበት። ተዪው። ለስድስት ሳህን የሚሆን ገንዘብ ከሌለሽም አትጨነቂ፤ አንድ ጥሩ ጎድጓዳ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲነሣ ዕቃ ስናወጣ የእናቴን ሳህን ጋዜጣ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ከጣሊያን ሰው በስጦታ ያገኘችው ነው። ላዩ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ዳሩ ሁለት ቦታ ላይ ተሸርፎ ቀዩ ሸክላ ይታያል። ጀርባው ላይ በብሩሽ የተጻፈ ነገር ቢኖርም ደብዝዟል። ልጄ «ይጣል» ትላለች። በማጣበቂያ ጠግኜ ልብላበት? — ጡረተኛ፣ ቀድሞ ከፒያሳ

መልስ፦ አባቴ፣ እንዳይጥሉት። እንዳይበሉበትም።

የሸረሪት ድር የሚመስለው የብርጭቆው ልባስ መሰንጠቅ ነው። ሸክላውና ልባሱ እኩል አይኮማተሩም፤ ሸክላው በዘመናት ብዛት እርጥበት እየሳበ ሲያብጥ ልባሱ ይተረተራል። በዚያ ስንጥቅ ቅባትና ወጥ ይገባል፤ ታጥቦ አይወጣም። በዚያ ላይ የድሮ ዕቃ ነው። ለካዛንቺሷ እህት ስለ እርሳስ የነገርኳት ለእርስዎ ሳህን በደንብ ይሠራል። ማጣበቂያውንም ይተዉት። ቆይቶ ቢጫ ይሆናል፤ የተሸረፈውን ቦታ ከመደበቅ ይልቅ ያጎላዋል።

ዴሩታ አጠገብ ማዶና ዴል ባኞ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ሲኞራ በዚያው ቀን አሳዩኝ። ታሪኩ የሚጀምረው ከገል ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሳለችበት የስኒ ስባሪ መሬት ላይ ወድቆ ተገኘ። ያገኘው መነኩሴ አንሥቶ የባሉጥ ዛፍ ላይ አኖረው። እ.ኤ.አ. በ1657 ሚስቱ የታመመችበት አንድ ነጋዴ እዚያ ገል ፊት ስለት ተሳለ። ቤቱ ሲመለስ ድና አገኛት። ስለቱን በማዮሊካ ጡብ ላይ አስሎ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላውም እየተከተለ፣ ዛሬ ግድግዳው ከ600 በላይ የስለት ጡቦች አሉበት። ከበሬ ቀንድ የተረፈ፣ ከዛፍ ወድቆ የተረፈ፣ ከአልጋ የተነሣ፣ ሁሉም ተሥሎበታል። እኔም ቆሜ ዳዊቴን ደገምኩ። ለልጅዎ ይህን ይንገሯት።

ሳህኑን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉለት። ውሃ ውስጥ አይንከሩት። ግድግዳ ላይ በሽቦ መስቀያ አይስቀሉት፤ ሽቦው የተሸረፈውን ዳር እየጎተተ ይበልጥ ያፈርሰዋል። የእንጨት ማቆሚያ ላይ፣ ከምድጃ እንፋሎት ርቆ፣ የሚወዱት ወንበር ፊት ለፊት ያስቀምጡት።

የተጠቀለለበትን ጋዜጣም አይጣሉ። ቀን ካለው እናትዎ ሳህኑን መቼ እንዳስቀመጡት ያውቁበታል። የጀርባውን ጽሑፍ ደግሞ ጠዋት መስኮት አጠገብ አድርገው፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ፎቶ አንሥተው ለዝግጅት ክፍሉ ይላኩልኝ። ጣሊያንኛውን አነብልዎታለሁ።